ስሟ እንዲጠቀስ ያልፈለገች ሠዓሊ

ጥሩዬ ደሞዝና መዓዛ ይስማው አራት ዓመት አንድ ቤት ተከራይተው ሲኖሩ በአንድ ነገር እንኳ ተቀያይመው አያውቁም ነበር። ሁለቱም ከወገዳ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምራሉ። ጥሩዬ የታች ጋይንት ሰው ናት፤ ወላጆቿ ዓርብ ዓርብ አህያ ጭነው ዓርብ ገበያ ከሚሄዱበት መንደር ተወልዳ ያደገች። የምታስተምረው አማርኛ ነው። መዓዛ ደግሞ ከእስቴ ናት፤ አንደኛ ክፍልን ይዛ ሕፃናቱን ፊደል ታስቆጥራለች።

በትምህርት ቤቱ ጥሩዬን «ደራሲዋ» ነበር የሚሏት። ለወላጆች በዓል ግጥም ሲያስፈልግ፣ ጡረታ ለሚወጣ መምህር መሸኛ ሲጻፍ፣ ለሰንደቅ ዓላማ ቀን ጭውውት ሲዘጋጅ ሁሉም ወደ እሷ ይሄዳል። «ኧረ እኔ ምን ደራሲ ነኝ» ትላለች፤ ሳትጠራ የቀረች ቀን ግን ቅር ይላታል። መዓዛ እንዲህ ያለ ስም አልነበራትም። ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ቀድዳ ትዘረጋና በሬውን፣ ማረሻውን፣ ወንፊቱን በቀለም እየሣለች ከየሥሩ ፊደሉን ትጽፋለች። ያንን ማንም ሥዕል ብሎት አያውቅም። «መርጃ መሣሪያ» ነው የሚባለው፤ በዓመቱ ሪፖርት ላይም የሚገባው በቁጥር ነው፦ መርጃ መሣሪያ፣ ሃያ ሦስት።

ጥሩዬ አዲስ ነገር ስትጽፍ መጀመሪያ የምታነበው ለመዓዛ ነው። መዓዛ በእጇ የያዘችውን ሥራ ትታ፣ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ታዳምጣለች። ከሳቀች ጽሑፉ ያስቃል፤ ዝም ካለች ያሳዝናል ማለት ነው። ጥሩዬ ጓደኛዋን ከልቧ ትወዳት ነበር። የምትወዳት እንዲህ ተቀምጣ የምታዳምጣትን መዓዛን እንደሆነ ግን ያኔ አልገባትም።

አንድ ክረምት ሁለቱም ለሥልጠና ተብለው ወገዳ ቀሩ። ሥልጠናው ተሰረዘ፤ መንገዱም በጭቃ ተቆርጦ መኪና መግባት አቆመ። በዚያ ሥራ በሌለበት ወር ጥሩዬ «ገብስማዋ» የሚል የልጆች ተረት ጻፈች። እግሮቿ ታስረው፣ በዱላ ተንጠልጥላ ወደ ዓርብ ገበያ ስለምትወሰድ ገብስማ ዶሮ ነው። መንገድ ላይ ገመዱ ይላላና ዶሮዋ ታመልጣለች፤ ከዚያ ወደ ቤቷ ስትመለስ ያገኘችውን ሁሉ መንገድ ትጠይቃለች። ጥያቄዋ ሁሉ ቤት ይመታል። ጥሩዬ እያንዳንዷን ስንኝ ሦስት አራት ጊዜ ሰርዛ ነው ያወጣቻት። መዓዛ ሰምታ ስትጨርስ ከት ብላ ሳቀችና፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ከደብተር መሀል ወረቀት ገንጥላ ዶሮዋን በስክሪብቶ ሣለቻት፤ አንገቷን ሰግጋ፣ አንድ እግሯን አንስታ፣ የገመድ ቁራጭ ከኋላዋ እየጎተተች። በሳምንት ውስጥ ሥዕሎቹ አሥራ ሁለት ሆኑ።

ካሣሁን የሚባል የወረዳው ትምህርት ሱፐርቫይዘር ይህን ሲያይ፣ የልጆች መጻሕፍት በነፃ የሚወጡበት አንድ ድረ ገጽ እንዳለ ነገራቸው። ኔትወርክ ደህና ወደሚሠራበት ቢሮው ወሰዳቸው፤ ሥዕሎቹን ደጅ በብርሃን ፎቶ አንስተው ጫኗቸው። መዓዛ የያዘችው ኢንተርኔት የማይሠራ ትንሽ ስልክ ስለነበር አካውንቱ በጥሩዬ ኢሜይል ተከፈተ።

መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት የስምምነት ገጽ መጣ። ጥሩዬ ከመጻሕፍት ጀርባ የምታውቀው «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚለውን ነበር። እዚህ ላይ ግን «አንዳንድ መብቶች የተጠበቁ ናቸው» ይላል። ካሣሁን አስረዳቸው። ማንም ሰው መጽሐፉን ሊያባዛው፣ ሊያትመው፣ ሊተረጉመው፣ ከፈለገም ሊለውጠው ይችላል፤ ጽሑፉን ብቻ ወይም ሥዕሉን ብቻ መውሰድም ይችላል። ማስፈቀድ የለበትም። ያለበት ግዴታ የሠሩትን ሰዎች ስም መጥራት፣ ለውጥ ካደረገም መለወጡን መናገር ነው።

«ለውጦ ገበያ ላይ ቢሸጣትስ?» አለች ጥሩዬ።

«ይሽጣት» አለች መዓዛ። «የኛዋ ቤቷ ገብታለች።»

ጥሩዬ ሳቀችና «እስማማለሁ» የሚለውን ተጫነች። ስንኞቿ ከጎንደር እስከ ሞያሌ በየትምህርት ቤቱ ሲነበቡ እየታያት ነበር። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ «ጽሑፍ፦ ጥሩዬ ደሞዝ። ሥዕል፦ መዓዛ ይስማው» ይላል። ካሣሁን ያችን ገጽ በወረቀት አወጣላቸው፤ መዓዛም ለአባቷ በሰው እጅ እስቴ ላከችው።

የመጀመሪያው መልእክት የመጣው ትምህርት ተከፍቶ፣ ገብሱ ታጭዶ ወደ አውድማ በሚገባበት ሰሞን ነው። ጥሩዬ በእረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ ከፈተችው። ኬንያ የምትኖር አንዲት ሴት ሥዕሎቹን ወስዳ በስዋሂሊ የመቁጠሪያ መጽሐፍ ሠርታባቸዋለች። ከሽፋኑ ላይ ገብስማዋ አንድ እግሯን አንስታ ቆማለች። ከውስጥ «ሥዕል፦ መዓዛ ይስማው፣ ኢትዮጵያ» ይላል። የጥሩዬ ስም የለም። መኖርም አልነበረበትም፤ ከጽሑፏ የተወሰደ አንድ ቃል የለማ።

መዓዛን ጠርታ አሳየቻት። መዓዛ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች፤ ምን እንደሚልም ጠየቀቻት። ጥሩዬ ስዋሂሊ የት አውቄ አለችና አብራት ሳቀች። ያን ቀን ሳቋ የውነት ነበር፤ ወይም ለውነት የቀረበ።

ከዚያ የኦሮምኛው መጣ። ከዚያ ደግሞ ዶቃ የተሰካበት ክር በሚመስል ፊደል የተጻፈ፣ የየት አገር እንደሆነ ያላወቁት። በአንዱ ገብስማዋ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ በሌላው እንቁላሏን ትፈልጋለች። ጥር ሲገባ ሰባት መጻሕፍት ሆኑ። የጥሩዬን ጽሑፍ የነካው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ያለ ሰው ለጀማሪ አንባቢዎች ብሎ አሳጥሮታል። «ገብስማ ሄደች። ገብስማ ጠፋች። ገብስማ ተመለሰች።» ከሥሩ «መነሻ ጽሑፍ፦ ጥሩዬ ደሞዝ፤ ለዚህ እትም ተለውጧል» የሚል አለበት። ሰውየው ሁሉን ስምምነቱ በሚያዘው መሠረት ነው ያደረገው። ጥሩዬ ግን አሥራ ሁለት ገጽ አገላብጣ ከስንኞቿ አንዷን እንኳ ስታጣ፣ ስሟን የሰው ልብስ አልብሰው አደባባይ ያቆሙባት መሰላት።

ነገሩ ለምን እንደሆነ አስባ ደርሳበታለች። የሷ ስንኝ አማርኛ ለማይሰማ ሰው ምንም አይደለም፤ የመዓዛ ዶሮ ግን የትም አገር ዶሮ ናት። ይህን ማወቋ አልጠቀማትም። ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ስልኳን ትከፍታለች፤ ቁጥሩ ካልጨመረ ቀኗ ቀና፣ ከጨመረ ቁርሱ አይወርድላትም። ከአራተኛው መጽሐፍ በኋላ ለመዓዛ መንገር ተወች። ረስታው አልነበረም።

መዓዛ እርሳስ በምላጭ ስትቀርጽ ፍርፋሪው ወለል ላይ የሚወድቀው ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም፤ አራት ዓመት ሙሉ ሲወድቅ ኖሯል። አሁን ግን ጥሩዬን ያንገበግባት ጀመር። ስትሥል የምታንጎራጉረው ዜማ ጆሮዋን ይበላታል። አንድ ቅዳሜ አዲስ ግጥም ስታነብላት መዓዛ እያዳመጠች ጣቷ ደብተር ጠርዝ ላይ አንድ ነገር ይጭር ነበር።

«ትሰሚኛለሽ?» አለች ጥሩዬ።

መዓዛ ቀና ሳትል የመጨረሻዎቹን አራት ስንኞች አንድም ሳታዛንፍ መለሰችላት። ጥሩዬ ከዚያ በላይ ተናደደች። ለመናደድ አንድ ምክንያት ፈልጋ፣ እሱንም ተነጠቀች።

በዚያው ሰሞን ካሣሁን ከዞን የመጡ ሁለት እንግዶች ይዞ ትምህርት ቤቱ መጣ። የመጡት የመዓዛን ከረጢቶች ለማየት ነው። አንደኛ ክፍል ገብተው ግድግዳውን ዞረው ዐዩ፤ ማን አስተማረሽ፣ ቀለሙን ከምን ታደርጊዋለሽ እያሉ ጠየቋት። ጥሩዬ በር ላይ ቆማለች። ካሣሁን ዘወር ብሎ፣ «ደራሲዋ፣ እስቲ አንቺ አንሽን» ብሎ ስልኩን ሰጣት። ሦስት ፎቶ አነሳች። በሦስቱም እንግዶቹ ጥርት ብለው ወጥተው መዓዛ ደብዝዛ ነበር። ጥሩዬ እጄ ተንቀጠቀጠብኝ አለች። እጇ አልተንቀጠቀጠም።

በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት መዓዛ እስቴ ወላጆቿ ዘንድ ሄደች። ጥሩዬ ብቻዋን ቀረች፤ ከቀትር በኋላ ተቀምጣ ለድረ ገጹ ሰዎች ደብዳቤ ጻፈች። ሐሳባችንን ለውጠናል፣ ሥዕሎቹ ከሁሉም መጻሕፍት ይውጡልን የሚል ነው። መልሱ በስድስተኛው ቀን መጣ። የጻፈችው ዝናሽ የምትባል የአማርኛ መጻሕፍቱ አስተባባሪ ናት፤ በአክብሮት የተጻፈ፣ ረጋ ያለ ደብዳቤ ነበር። አንዴ የተሰጠ ፈቃድ ወደ ኋላ እንደማይመለስ፣ ከራሳቸው ገጽ ማውረድ ቢችሉም የወሰዱት ሰዎች ግን የወሰዱት በፈቃድ ስለሆነ እንደማይከለከሉ አስረዳች። ቀጥላም፣ ሠዓሊዋ በነዚህ መጻሕፍት ላይ ስሟ መጠራቱ ካልተመቻት ስሟ ይነሳልኝ ማለት መብቷ እንደሆነ፣ እነሱም ለየመጻሕፍቱ አዘጋጆች እንደሚያስታውቁ ጻፈች። የደብዳቤው ማብቂያ ጥያቄ ነበር፦ «ሥዕሎቹን የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

ጥሩዬ ጥያቄውን ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ «አዎ፣ ሠዓሊዋ እኔ ነኝ። ስሜ እንዲጠቀስ አልፈልግም፤ ይነሳልኝ» ብላ ጻፈችና ከሥሩ «መዓዛ ይስማው» ብላ ፈረመች። ያን ስም በገዛ ጣቷ ስትጽፍ ልቧ ዘለለ። ዛሬም ስታስታውሰው፣ ከፍርሃት ይልቅ ለደስታ የቀረበ ነገር ነበር ትላለች። ለአንድ አፍታ ሥዕሎቹ የሷ ሆነው ነበር።

በአራተኛው ቀን ገጹ ተለወጠ። «ሥዕል፦ ስሟ እንዲጠቀስ ያልፈለገች ሠዓሊ» ይላል። የኬንያዋም፣ የኦሮምኛውም ተራ በተራ ተለወጡ። መዓዛ ከእስቴ ስትመለስ ጥሩዬ ወጥ ሠርታ ጠበቀቻት። ለሁለት ሳምንት ያህል ከዚያ በፊት ሆና የማታውቀውን ያህል ደግ ሆነች፤ የእርሳሱን ፍርፋሪ ሳይቀር ራሷ ትጠርግ ነበር። መዓዛ በዚያ ትንሽ ስልኳ የምታየው ነገር የለም።

ከፋሲካ በኋላ አንድ የተራድኦ ድርጅት ያሳተማቸው የልጆች መጻሕፍት በካርቶን ወደ ወረዳው መጡ፤ ለስምንት ትምህርት ቤቶች ተከፋፈሉ። የነሱ ድርሻ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሲከፈት ከላይ የነበረው «ገብስማዋ» ነው። ያጠረው አይደለም፤ ሙሉው፣ ጥሩዬ እንደጻፈችው፣ ስንኙ አንድም ሳይጎድል። አንዷን አንስታ ስትገልጥ አዲስ የታተመ ወረቀት ሽታ አፍንጫዋ ገባ፤ «ጽሑፍ፦ ጥሩዬ ደሞዝ» የሚለውን ስታይ እንባዋ መጣ። ይህችን ቀን ስትመኝ ነው የኖረችው።

ርዕሰ መምህሩ፣ መምህር ዋለ፣ ሌላ ቅጂ አንስተው የመጀመሪያውን ገጽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። የጥሩዬን ስም አነበቡ። ቀጥለው «ስሟ እንዲጠቀስ ያልፈለገች ሠዓሊ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ መነጽራቸውን አውልቀው መዓዛን ዐዩዋት። ዶሮዋ የማን እጅ ሥራ እንደሆነች በዚያ ክፍል የማያውቅ የለም።

«ልጄ» አሏት፣ «ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ስማር ካጠናሁባቸው መጻሕፍት ውስጥ ጸሐፊው ስሙን ያላኖረባቸው ነበሩ። መምህራችን እነዚህ ለነፍሳቸው የጻፉ ናቸው ይሉን ነበር። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው አገኛለሁ አላልኩም።»

መምህራኑ አጨበጨቡ። አንዷ ተነስታ መዓዛን ሳመቻት። ሌላው ለኔ ቢሆን በትልቁ አስጽፈው ነበር ብሎ ሰውን አሳቀ። የጥሩዬን ስንኝ ማንም አላነበበም። ጥሩዬ መጽሐፉን ደረቷ ላይ እንደያዘች ቆማለች። ስሙን ስታስነሳው ጭራሽ ጨምሮ ተነሳ፤ ስም ካለው ይልቅ ስም የሌለው ሥዕል ክፍሉን ሞላው።

መዓዛ ገጹን ዐየች፤ ከዚያ ጥሩዬን ዐየቻት፤ ከዚያ መምህር ዋለን አመሰግናለሁ ብላ ወደ ክፍሏ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ቤት ሲገናኙ መዓዛ ነጠላዋን ሳታወርድ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ማን እንዳስነሳው ጠየቀቻት። ጥሩዬ ምናልባት የማተሚያ ቤት ስህተት ይሆናል አለች።

«ስህተት ስም ይጥላል» አለች መዓዛ። «'አልፈለገችም' ብሎ አይጽፍም።»

ጥሩዬ ያን ጊዜ ሁሉን ነገረቻት። ደብዳቤውን፣ ጥያቄውን፣ ፊርማውን። ለምን እንዳደረገችው ግን መናገር አቃታት።

«የኔ ስም ብቻ ቢሆን እሺ» አለች መዓዛ። «ይስማው የአባቴ ስም ነው። ያችን ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፏት ለመጣው እንግዳ ሁሉ እየጠቆመ ያነብለታል። እኔ ዛሬ ካርቶኑ ሲከፈት፣ አሁን ደግሞ መጽሐፉን እወስድለታለሁ እያልኩ ነበር።»

ነጠላዋን አወረደችና፣ «ምን አደረግሁሽ?» አለች።

«ምንም» አለች ጥሩዬ።

በሳምንቱ መጨረሻ መዓዛ እትዬ ብርቄ የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየች። ዕቃዋን በሁለት ዙር ተሸክማ ወሰደችው፤ ጥሩዬ ላግዝሽ ስትላት አይ፣ ቀላል ነው አለቻት። ትምህርት ቤት ግን ለማንም አልተናገረችም። ስሜን ያስነሳሁት እኔ አይደለሁም ብትል፣ ታዲያ ማነው መባሉ አይቀርም፤ ስለዚህ ያላደረገችውን ትሕትና ተሸክማ ዝም አለች። ጥሩዬን ከሁሉ ያቃጠላት ይህ ነው። ብትሰድባት፣ በመምህራን ፊት ብታዋርዳት ይቀላት ነበር። አሁን በሥዕሉ ብቻ አይደለም የምትቀናባት፤ በደግነቷም ጭምር እንጂ።

ዝምታውን ሦስት ሳምንት ታገሰችው። ከዚያ ለዝናሽ ጻፈች። «ሠዓሊዋ እኔ አልነበርኩም። ሠዓሊዋ መዓዛ ይስማው ናት፤ ስሟን ያስነሳሁባት እኔ ነኝ፤ እሷ አላወቀችም።» መልሱ አጭር ነበር። ስሙ በድረ ገጹ ላይ እንደሚመለስ፣ ለመዓዛ የራሷ አካውንት እንደሚከፈትና ከእንግዲህ ስለ ሥዕሎቹ ከሷ ጋር ብቻ እንደሚጻጻፉ ገለጸችላት። የታተሙትን ግን መሰብሰብ አይቻልም።

ጥሩዬ ደብዳቤውን ይዛ መምህር ዋለ ቢሮ ገባች፤ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገረቻቸው። እሳቸው አልቆጧትም። ያጨበጨብነው ለማን ነበር ታዲያ ብለው ብቻ ጠየቋት። በትምህርት ቤቱ ያሉትን መጻሕፍት በእጄ ላርማቸው ብላ ስትለምናቸው ፈቀዱላት።

ያን ቀን በጥቁር ስክሪብቶ፣ «ስሟ እንዲጠቀስ ያልፈለገች ሠዓሊ» የሚለውን በአንድ መስመር እየሰረዘች ከላዩ «መዓዛ ይስማው» ብላ ጻፈች፤ ሃያ ቅጂ። ከዚያ በየቅዳሜው፣ ርእሳነ መምህራኑን እየለመነች፣ መጽሐፉ የደረሳቸውን ትምህርት ቤቶች በእግሯ ትዞር ጀመር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ትምህርት ቤቶች የኅትመት ስህተት ነው አለች። በሦስተኛው ርዕሰ መምህርቷ፣ የኔነሽ የምትባል ትልቅ ሴት፣ ገጹን አንብባ ምን ዓይነት ኅትመት ነው እንዲህ አድርጎ የሚሳሳት አለቻት። ጥሩዬ እውነቱን ተናገረች። ከዚያ ወዲያ በየሄደችበት እውነቱን ነው የተናገረችው። ወሬው ከሷ ቀድሞ ወገዳ ገባ፤ «ደራሲዋ» የሚላትም ሰው ቀነሰ።

ስሙን በጻፈችው ቁጥር ቅናቱ ይወጣልኛል ብላ ነበር። አልወጣላትም። በአንዱ ትምህርት ቤት ገና ማንበብ ያልቻሉ ሕፃናት መጽሐፉን ከበው፣ ዶሮዋን እያዩ የራሳቸውን ወሬ ሲፈጥሩላት ሰማች። ከስንኞቿ አንዷም የለችበትም። ስክሪብቶውን እንደያዘች ያ የድሮው ቅናት ተመለሰባት። እንደዚያው ሆና የሚቀጥለውን ቅጂ ገለጠች። ክረምቱ ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ማዶ ያሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች ሳይታረሙ ቀሩ።

በአዲሱ ዓመት መዓዛ በራሷ አካውንት አዲስ ሥዕሎች አወጣች። ስልክም ገዝታለች። ሥዕሎቹ በገብስ ማሳ ዳር የሚኖሩ ወፎች ናቸው፤ አሥር ገጽ፣ ምንም ጽሑፍ የሌለው። ከሥሩ ያው ፈቃድ አለ፤ የፈለገ ሰው ስሟን ጠርቶ የፈለገውን ይጻፍበት ይላል። ጥሩዬ ስታየው መጀመሪያ የተሰማት፣ ለምን ጻፊልኝ አላለችኝም የሚል ነበር። ከዚያ እንኳን ልትጠይቃት፣ ሰላምታ ከሰጠቻትም ተመስገን ማለት እንደሚገባት አስታወሰች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ አንድ ነገር ገባት። መዓዛ እሷን መጠየቅ እንደማያስፈልጋት ሁሉ፣ እሷም መዓዛን ማስፈቀድ አያስፈልጋትም። ፈቃዱ ለሰው ሁሉ የተሰጠ ነው፤ ለተቀየመችውም ሰው ጭምር።

ዘጠኝ ቀን ጻፈችበት። ቤት የሚመታ ስንኝ አላስገባችም። በየገጹ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ፣ ሥዕሉ ላይ የሚታየውን ሳትደግም። ለሷ ከሁሉ የከበዳት መተው ነበር፤ ጥሩ ነው ያለችውን ቃል ሁሉ ሥዕሉ ቀድሞ ብሎታል። ስታወጣው ከራሷ ስም በላይ «ሥዕል፦ መዓዛ ይስማው» ብላ ጻፈች። ለመዓዛ አልነገረቻትም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ጠዋት ጥሩዬ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ደብተር ስታርም መዓዛ ገብታ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠች። ከተለያዩ ጀምሮ ከደህና አደርሽ ሌላ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

«ስድስተኛው ገጽ ላይ ያለችውን ጅግራ ብለሻታል» አለች መዓዛ። «ቆቅ ናት።»

ጥሩዬ ቀና አለች። «አስተካክላታለሁ።»

መዓዛ ጠመኔዋን ይዛ ወጣች። ጥሩዬ ደወሉ ሳይደወል ስልኳን አውጥታ ጅግራዋን ቆቅ አደረገቻት። ስልኩን ልትዘጋው ስትል ግን ዓይኗ ወደ ታች ወረደ። የመዓዛን ወፎች እስከዚያ ቀን ሌሎች አራት ሰዎች ጽፈውባቸዋል። ከአራቱ አንዱ የተጻፈው በአማርኛ ነው። ከሷ የተሻለ ጽፎ እንደሆነ ለማየት፣ የተማሪዎቹን ደብተር ገፋ አድርጋ እሱን ከፈተችው።